ይምርሐነ ክርስቶስ፦ ከላሊበላ የሚነሣው የግማሽ ቀን ጉዞ ሲመዘን

ላሊበላ የሚሄድ ሰው አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሁለት ቀን ሲዞር ይውልና፣ ጊዜና ጉልበት ከተረፈው በዋሻ ውስጥ የታነጸውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን በመጨረሻው ቀን ይጨምራል። አስጎብኚዎችም ፕሮግራም የሚያወጡት እንደዚያው ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ላሊበላ ላይ ከአለት ተፈልፍሎ የምናየው በር፣ መስኮት፣ ገባ ወጣ ያለ ግድግዳ ሁሉ ቀድሞ በእንጨትና በድንጋይ ይሠራ ነበር፤ በዚያ አሠራር የታነጸ ቤተ ክርስቲያን እዚህ ዋሻ ውስጥ እስከ ዛሬ ቆሟል። ፊደል ሳይቆጥር ዳዊት የሚደግም የለም። ይምርሐነን በመጀመሪያው ቀን ያየ ሰው የላሊበላን ድንጋይ በሌላ ዓይን ያነበዋል፤ በመጨረሻው ቀን ደክሞት የመጣ ደግሞ ዋሻው ውስጥ ያለውን የሰው አፅም አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል።

ሕንፃው ያለ ማመንታት ይመሰገናል። ጉብኝቱ የሚመራበት መንገድ ግን እዚያው ደረጃ ላይ አይደለም፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

መንገዱ በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከላሊበላ በሰቆጣ አቅጣጫ ወጥቶ በቢልባላ በኩል ነው የሚያልፈው። ኪሎ ሜትሩ አያታልላችሁ። በበጋ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ጭቃውና የወንዝ መሻገሪያው ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል፣ አንዳንድ ቀንም ጭራሽ አያሳልፍም። ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል። በባጃጅ የሚያስማማችሁ ከተገኘ አመስግናችሁ እለፉ። ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ቀን መንገዱ ክፍት መሆኑን ሆቴሉን ብቻ ጠይቃችሁ አትተዉት፤ በዚያው መስመር የሚመላለስ ሹፌር ጠይቁ።

ዋጋ ስትነጋገሩ “ደርሶ መልስ ስንት ነው?” ብሎ ማቆም የተለመደ ስሕተት ነው። መለየት ያለባችሁ፦ የመኪናው ኪራይ ነዳጅ ይጨምራል ወይ፣ ሹፌሩ ስንት ሰዓት ይጠብቃል፣ አስጎብኚው ለብቻው ይከፈለዋል ወይ። የላሊበላ መግቢያ ትኬት እዚህ አይሠራም። በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ የገቡት የከተማው አሥራ አንዱ ናቸው፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ከእነሱ ውጭ ስለሆነ መግቢያው እዚያው ይከፈላል። ደረሰኝ ጠይቁ፤ ዝርዝር ብርም ያዙ፤ ለጫማ ጠባቂው፣ ለሙዳየ ምጽዋቱ፣ ደረጃው ላይ እጃችሁን ይዞ ለሚያወጣችሁ ልጅ። ከዋሻው አፍ ላይ ቆሞ መቶ ብር የሚዘረዝር ሰው መፈለግ ለሁሉም አታካች ነው።

መኪናው ከቆመበት እስከ ዋሻው ባለው የድንጋይ ደረጃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያስኬዳል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ በመሆኑ ከቆላ በዚያው ቀን የመጣ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ቀስ ብሎ መውጣት እንጂ ሌላ መላ የለውም። ጥዱ ጥላ ይሰጣል። ጉልበቱን ለሚያመው ደረጃው ወጥ አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅመዋል፤ አንዱ እርከን አጭር፣ ቀጣዩ እስከ ጉልበት የሚደርስ ነው፣ መውረዱም ከመውጣቱ ይከብዳል። ምርኩዝ ያዙ። አረጋውያን እናትና አባት ይዞ የሚሄድ ሰው በቅሎ ይገኝ እንደሆነ ከታች ይጠይቅ።

ሰዓት መምረጥ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምና በሌሎቹም አጽዋማት፣ ቅዳሴ ቀትር አካባቢ ተጀምሮ እስከ 9 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። እሑድና በበዓል ግን ጠዋት ነው። ስለዚህ በጾም ቀን ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከላሊበላ ተነሡ፤ እሑድ ከሆነ ሊያስቀድስ ያልፈለገ ረፈድ አድርጎ ይድረስ። ጥቅምት 19 የንጉሡ ክብረ በዓል ነው። ለማክበር የሚሄድ ሰው ይሂድ፣ ሕንፃውን በእርጋታ ለማየት ግን ያን ቀን አይምረጥ፤ ዋሻው ሰው በሰው ይሆናል።

አሁን ወደ ሕንፃው። ዋሻው ደርሳችሁ መጀመሪያ የምታዩት ነጭ ግንብ የኋላ ዘመን ሥራ ነው፤ ዋሻውን ለመዝጋትና ለመጠበቅ የተሠራ እንጂ ከጥንቱ አሠራር ምንም የለውም። እሱን ፎቶ እያነሡ ጊዜ የሚያጠፉ አሉ። በሩን አልፋችሁ ጫማችሁን አውልቁና ቁሙ። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ከውጭው ፀሐይ የመጣ ዓይን እዚህ ጨለማ ውስጥ ወዲያው አያይም፤ አስጎብኚው ወዲያው ማብራሪያ ከጀመረ ትንሽ እንዲጠብቅ ንገሩት። ዓይን ሲለምድ ጥቁርና ነጭ ጥለት ያለው ሕንፃ ከጨለማው ውስጥ ይወጣል፣ የነጠላ ጥበብ ይመስላል።

ጥለቱ ግን ለጌጥ ብቻ የተሠራ አይደለም። ነጩ ንብርብር በልስን የተሸፈነ የድንጋይ ግንብ ነው፣ ጥቁሩ ዕድሜ ያጠቆረው አግዳሚ ወጋግራ። አሠራሩ ከአክሱም የወረደ ነው፦ ያልተጠረበ ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ ጥቂት ከፍ ይላል፤ በላዩ ላይ በግድግዳው ርዝመት ልክ እንጨት ይጋደማል፤ እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት። አግዳሚዎቹ በግድግዳው ውፍረት በሚያልፉ አጫጭር እንጨቶች ይታሠራሉ። ጭቃ ብቻውን ድንጋይን አጥብቆ አይዝም፣ ከፍ ባለ ቁጥርም ግድግዳው ወደ ውጭ ይነፋል። እንጨቱ ግን እንደ መቀነት ዙሪያውን ይይዘዋል፣ ከላይ የሚመጣውንም ክብደት አንድ ቦታ ላይ ከማረፍ አውጥቶ ያዳርሰዋል። መሬት ሲንቀጠቀጥም እንጨቱ ትንሽ ስለሚታጠፍ ግንቡ ቶሎ አይሰነጠቅም።

ግድግዳውን ከጎን ሆናችሁ እዩት። ነጩና ጥቁሩ በአንድ ልክ አልወጡም፣ አንዱ ገባ አንዱ ወጣ ብሏል። በቁም ስትመለከቱትም ግድግዳው ቀጥ ያለ ሜዳ ሳይሆን አንዱ ክፍል ወደ ፊት የወጣ፣ ቀጣዩ ወደ ኋላ የገባ ነው። ይህ መገባባት አክሱም አካባቢ በተቆፈሩት የቤተ መንግሥት መሠረቶች ላይ የሚታየው ነው፤ ረጅም ግድግዳ ያለ ድጋፍ እንዳያዘነብል የሚያደርግ ዘዴ።

ቀጥሎ መስኮቶቹን። በየመስኮቱና በየበሩ አራት ማዕዘን ላይ ካሬ የእንጨት ጉጥ ወጥቶ ይታያል፤ አግዳሚውና ቋሚው መቃን የሚጋጠሙበት ነው። የመስኮቶቹ ፍርግርግ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። አንዱ በመስቀል፣ ሌላው በተጠላለፈ ሐረግ የተሠራ ነው፤ ሁሉንም ዞራችሁ ሳታዩ ወደ ውስጥ አትግቡ፣ አስጎብኚዎች ሁለቱን አሳይተው ወደ በሩ ይቸኩላሉና። በአክሱም ሐውልቶች ላይ ረድፍ ረድፍ የተቀረጹት መስኮቶች የዚህን ዓይነት መስኮት መልክ በድንጋይ የያዙ ናቸው። ትግራይ ባለው በደብረ ዳሞ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ላይ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው የሚወጡት፣ በተለምዶ “የዝንጀሮ ራስ” የሚባሉት ክብ ጉጦች ግን እዚህ ግድግዳው ላይ አይታዩም። “የዝንጀሮ ራሶቹ እነዚህ ናቸው” ብሎ የመስኮቱን ማዕዘን የሚያሳያችሁ ሰው ዘሩን ባይስትም ስሙን አምታቷል።

ደብረ ዳሞ ከተነሣ፣ በዚህ አሠራር ታንጾ የቆመና በደንብ የሚታወቀው ሌላው ቤተ ክርስቲያን እሱ ነው፤ በ1948 እ.ኤ.አ. ታድሷል። ግን በገመድ ተጎትቶ የሚወጣበት ገደል ነው፣ ሴቶችም አይወጡም። ይምርሐነ ክርስቶስ ለወንዱም ለሴቱም ክፍት በመሆኑ፣ እናቶቻችንና እኅቶቻችን የአክሱምን አናጢ እጅ በቅርብ የሚያዩበት ቦታ ይህ ነው። ይህ ብቻውን የጉዞውን ዋጋ ያወጣል።

ማን ሠራው ለሚለው፦ ቤተ ክርስቲያኑ በስሙ የሚጠራበት ንጉሥ ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ነው፣ በትውፊቱ ቅስናን ከንግሥና ጋር የያዘና ከላሊበላ በፊት የነገሠ። ገድሉ ቦታውን ወግረ ስሂን ይለዋል፣ የዕጣን ኮረብታ። ዘመኑን አብዛኛው ሰው 11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና 12ኛው ላይ ያደርገዋል፤ ሊቃውንቱ ግን በነገሥታቱ የዘመን ቆጠራ አንድ ስላልሆኑ፣ ቁርጥ ያለ ዓመተ ምሕረት የሚነግራችሁን አስጎብኚ በፈገግታ እለፉት። ዋሻው ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ሌላ የቆመውን ሕንፃ ትውፊት የንጉሡ መኖሪያ ይለዋል። መቃብሩም እዚያው ዋሻ ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ ይገኛል፤ ምእመናን እየዞሩ የሚሳለሙት ስለሆነ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ።

ውስጡ ሦስት ረድፍ ያለው ነው፦ መካከለኛው ሰፋና ከፍ ያለ፣ ግራና ቀኙ ጠበብ ያለ፣ በመካከላቸው ዓምዶችና ቅስቶች። ብዙ ጎብኚ ገብቶ ፊት ለፊቱ መጋረጃውን ያያል፣ ሥዕል ይፈልጋል፣ ይወጣል። ቀና በሉ። የዚህ ቤት ትልቁ ሀብት ጣራው ነው። የመካከለኛው ረድፍ ጣራ እንደ ቤት ክዳን ከሁለት በኩል የሚወርድ ነው፣ የጎኖቹ ጠፍጣፋ፤ ሁሉም በእንጨት ገበታ የተሸፈነ፣ ገበታዎቹም በኮከብ፣ በመስቀል፣ በተጠላለፈ መስመርና በእንስሳት ምስል ያጌጡ። ይህን ጌጥ በዘመኑ ግብጽ ከነበረው የእንጨት ሥራ ጋር የሚያዛምዱ የኪነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች አሉ፣ ትውፊቱም ከግብጽ ስለመጣ ዕቃ ይናገራል። መቅደሱ በላዩ ጉልላት አለው፣ ግን ከካህናት በቀር ማንም ስለማይገባ እሱን በመጽሐፍ እንጂ በዓይን አታዩትም።

ለጣራው ባትሪ ያስፈልጋል። የስልክ መብራት ወደ ላይ ሲበራ ደክሞ ስለሚበተን ጥለቱን አያሳይም፤ ጠባብ ጨረር ያለው ትንሽ የእጅ ባትሪ ይሻላል። ቀጥታ ከሥር አታብሩት፤ ከጎን አዘንብላችሁ ስታበሩት ጥላ ይፈጠራል፣ ጠፍጣፋ የመሰለው ገበታ ያን ጊዜ ቅርጹን ያወጣል። ለፎቶ ፍላሽ አትጠቀሙ። ሥዕሎቹ አገራችን ውስጥ ከተረፉት የግድግዳ ሥዕሎች ከጥንታውያኑ የሚቆጠሩ ናቸው፣ የጧፍና የዕጣን ጢስ ለዘመናት አጥቁሯቸዋል፤ ፍላሹ ለጢሱ ስለሚያበራ የሚወጣው ፎቶ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ጥቁር ግድግዳ ነው። ስልኩን ዓምዱ አጠገብ ወለሉ ላይ በጀርባው አስተኝታችሁ፣ በፊት ለፊት ካሜራው የሦስት ሰከንድ ማዘግያ ብትሰጡት ጣራው ሳይደበዝዝ ይወጣል።

ስለ ውኃው፦ ትውፊቱ ቤተ ክርስቲያኑ በባሕር ላይ ቆመ ይላል፣ ወለሉም ላይ የሚከፈት ቀዳዳ አለ፤ ሲከፈት እርጥብ አፈር ይታያል። ካህኑ ፈቅደው ከከፈቱላችሁ እጃችሁን አስገብታችሁ ርጥበቱን መንካት ትችላላችሁ። ለአማኙ ተአምር ነው። ሕንፃን ለሚመለከት ሰው ደግሞ የቤቱ ትልቁ ሥጋትም ነው። ዋሻው ዝናብን ስለከለከለ እንጨቱ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሯል፤ ከታች የሚመጣ ርጥበት ግን የመጨረሻውን አግዳሚ ቀስ በቀስ ይበላዋል። በዚህ አሠራር አንድ ወጋግራ ሲበሰብስ በላዩ ያለው ድንጋይ በሙሉ ይሰምጣል፣ ልስኑም በቁም ይሰነጠቃል። ከወለሉ እስከ ጉልበት ባለው ክፍል የሚታየው ስንጥቅና የረገፈ ልስን ይህን ያስታውሳል። ለእንዲህ ዓይነት ቤት መፍትሔ ብለው ሲሚንቶ የሚለስኑ ሰዎች ጉዳቱን ያባብሱታል፤ ሲሚንቶ ርጥበቱን ወደ ውጭ አያስተነፍስም፣ ወደ እንጨቱ ይመልሰዋል። ጭቃና ኖራ ግን ያስተነፍሳሉ። ጎብኚም የራሱ ድርሻ አለበት፦ ጥቁሩ እንጨት አንዳንድ ቦታ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቀው በእጅ ብዛት ነው። መሳለም ያለበት ይሳለም፣ መደገፊያ ግን አታድርጉት።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ዋሻው ወደ ውስጥ ሲዘልቅ፣ አፅሞቹ አሉ። በሰሌን የተጠቀለሉ፣ ደርቀው ቆዳቸው ያልለቀቀ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተኙ። ትውፊቱ ከኢየሩሳሌምና ከሌላም ሩቅ አገር መጥተው እዚህ ያረፉ ምእመናን ናቸው ይላል። አስጎብኚዎች “ከ5 ሺህ በላይ” ሲሉ ትሰማላችሁ፤ ቁጥሩን እንደ ትውፊት ውሰዱት። እዚህ ቦታ ላይ የብዙዎቹ ጉብኝት ይበላሻል። አስጎብኚው አፅሙን የጉዞው መደምደሚያ አድርጎ ያቀርባል፣ ሰው ይጎርፋል፣ ስልክ ይወጣል። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው ወይም ከዚያ ማዶ አታሻግሯቸው። ለተቀረው፦ መቃብር ነው፣ እንደ ለቅሶ ቤት ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማለፍ ነው ደንቡ።

ስለ አስጎብኚዎች ጥራት በግልጽ እንናገር። የትውፊቱን ክፍል አብዛኞቹ በደንብ ይተርካሉ፤ ንጉሡን፣ ውኃውን፣ አፅሙን። የሕንፃውን ክፍል ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፣ ጉብኝቱም ብዙ ጊዜ በ30 ደቂቃ ያልቃል። ከ75 ደቂቃ በታች አትስማሙ፤ 10ሩ ለዓይን መልመድና ለዙሪያው፣ 25ቱ ለግድግዳና ለመስኮት፣ 25ቱ ለውስጡ፣ ቀሪው ለኋለኛው ዋሻ። ከመቅጠራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ “ነጩና ጥቁሩ ምንድን ነው?” “ጌጥ ነው” ብሎ ካቆመ ሌላ ፈልጉ። ካህናቱ ደግሞ ከአስጎብኚው የተሻለ የሚያውቁት ነገር አለ፤ የትኛው እንጨት መቼ እንደተተካ፣ ክረምት ላይ ውኃው ምን ያህል ከፍ እንደሚል። ቄሰ ገበዙን በአክብሮት ጠይቃችሁ፣ በጥድፊያ ካልሆነ፣ ያሳዩአችኋል።

አለባበስ የታወቀ ነው፦ ነጠላ፣ የተሸፈነ ትከሻና ጉልበት። ያልታወቀው ካልሲው ነው። ወለሉ ሣርና ጭድ የተነጠፈበት ስለሆነ ቁንጫ አይጠፋም፣ ብርዱም በእግር ነው የሚገባው። ወፍራም ካልሲ አድርጉ፣ ሱሪያችሁን ካልሲው ውስጥ ክተቱ፣ ሆቴል ስትደርሱ ካልሲውን ለብቻ በፌስታል አድርጉ። ሹራብም አይረሳ፤ ውጭ ፀሐይ ቢሆንም ዋሻው ቀዝቃዛ ነው። ምግብ እዚያ አገኛለሁ ብሎ መሄድ ስሕተት ነው፣ ዳቦና ውኃ ያዙ።

ስትመለሱ ሰዓት ከተረፈ የቢልባላ ጊዮርጊስና የቢልባላ ቂርቆስ ውቅሮች በዚያው መስመር ላይ ናቸው፤ ለሹፌሩ አስቀድማችሁ ካልነገራችሁት ግን በመንገድ ላይ ዋጋ እንደገና ይከፈታል። በማግስቱ ጠዋት ላሊበላ ከተማ ውስጥ መጀመሪያ ቤተ አማኑኤል ሂዱ። ከግድግዳው ሦስት ሜትር ያህል ራቁና ከጎን እዩት፤ ቀዩ አለት ገባ ወጣ እያለ በአግድም ተነባብሯል፣ መስኮቶቹም በማዕዘናቸው ካሬ ጉጥ አላቸው። እዚያ የሚያስተሳስር እንጨት የለም፣ የሚይዘው ጭቃም የለም፤ ቤቱ በሙሉ አንድ ድንጋይ ነው።